ለሽንኩርት የተተከለ ችካል

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። በዚህ ተረት ከሆነ እኔን የሚመነጥር አይገኝም፤ ከመጠርጠሬ ብዛት የገዛ ጥላዬን ዞሬ አይቼ «አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?» የምል ሰው ነኝ። ጠባዩ በዘር የመጣ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሰው አማኝ ናት። እኔን ያበላሸኝ ትምህርቴ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስና ኤሌክትሮኒክስ ነው የተማርኩት። እዚያ ትምህርት ክፍል ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚነግሯችሁ ነገር ቢኖር «ተጠቃሚው የሚያስገባውን አትመኑ» የሚል ነው። ዕድሜ ጻፍ ሲባል ስሙን ይጽፋል፣ ስም ጻፍ ሲባል ስልኩን ይጽፋል። ኤሌክትሮኒክሱ ደግሞ ይብሳል። አምፖሏ ካልበራች ባትሪውን ጠርጥር፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ብየዳውን ጠርጥር፤ ብየዳው ደህና ከሆነ መለኪያውን ጠርጥር፤ መለኪያውም ደህና ከሆነ ራስህን ጠርጥር። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲባል የከረመ ልጅ ጓደኛው «ደህና አደርክ?» ሲለው «ምን ፈልጎ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ የመመረቂያ ዓመቴ የዋለው አገሩ ሁሉ የእኔን ትምህርት የተማረ በመሰለበት ወቅት ነው። የማስተር ፕላኑ ጊዜ። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ፤ ተማሪው ተነሣ፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ሻይ ቤት ገብቶ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው ይባላል። ጋዜጣ የማያነብም ጆሮ ጠቢ ነው፤ ያለዚያማ ሥራ ፈትቶ ለምን ተቀመጠ? ወሬው ደግሞ እግር አለው። ቡራዩ ላይ ጠዋት «ችካል ተከሉ» ተብሎ የተነሣ ወሬ እኛ ጋ ሰበታ ሲደርስ ችካሉ አጥር ሆኗል። ሱሉልታ ሲገባ አጥሩ ፋብሪካ ሆኖ ጭስ ይተፋል።

የምኖረው ሰበታ ነበር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ፉሪ በኩል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ እናቴ እኅቷ ዘንድ ተጠጋች፣ እኔ ደግሞ የምችለውን አንድ ክፍል ቤት ስፈልግ እየራቅኩ እየራቅኩ ሄጄ ኦቦ ደበላ ግቢ ደረስኩ። ኦቦ ደበላ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም ካፖርት የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ የሽንኩርት ማሳ አላቸው። ድሮ ከዚያ በታች ሌላ ማሳ ነበራቸው፤ ለፋብሪካ ተብሎ ተወሰደ፣ ታጠረ፣ እስከ ዛሬ ከአጥሩ ውስጥ ከሣር በቀር የቆመ ነገር የለም። ስሜን ጠርተውት አያውቁም። «ባራታ» ነው የሚሉኝ፣ በኦሮምኛ ተማሪ ማለት ነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አይሉኝም፤ ዝም ብለው ያዩኛል። በሬን ዘግቼ ሽቦ ስበይድ በመስኮት የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ አይተው ለጎረቤት «ይሄ ልጅ የሚያጨሰው ምንድን ነው?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ተጠራጣሪ ነኝ ያልኳችሁ አማካሪ መምህሬን እስክታውቁ ድረስ ነው። እሳቸው የተማሪ ሥራ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ታችኛውን ገጹን ነው፤ የሱቅ ዋጋ ተለጥፎበት እንደሆነ ብለው። በእርግጥ የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደ ኮት ተሰቅሎ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። እኔ የሠራሁት የአፈር እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሴንሰሮቹ አፈር ውስጥ ይተከላሉ፣ ሲም ካርዱና ቦርዱ አንዲት አረንጓዴ የምሳ ዕቃ ውስጥ ናቸው። አፈሩ ሲደርቅ ስልኬ ላይ «ጠምቶኛል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ውሃ ሲያገኝ «ጠግቤያለሁ» ይላል። መምህሬ የምሳ ዕቃዋን ገለበጡ፣ አሸተቱ፣ «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ መምህር።»

«እንግዲያው እውነተኛ ማሳ ላይ አሥር ቀን ለክተህ ታመጣለህ። የቦታው ንድፍ ይኑረው። የመሬቱ ባለቤትም በመሬቴ ላይ ተሞክሯል ብሎ ይፈርምልሃል። ፊርማ ከሌለ ውጤት የለም።»

ያን ጊዜ የጨነቀኝ አሥሩ ቀን ነበር። ፊርማውን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። አያችሁ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ሽቦ መጠርጠር እንጂ ወረቀት መጠርጠር አልነበረም።

ኦቦ ደበላን አስፈቀድኩ። «ለትምህርቴ ነው፣ ሽንኩርቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ልትከል?» አልኳቸው። «ለትምህርት ከሆነ ትከል፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲህ ብለው ዘመድ ሞቶባቸው ለለቅሶ ፉሪ ወረዱ። «ትንሽ ነገር» ያልኩት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። አናጺ ቤት ሄጄ ለሴንሰሮቹ መያዣ የሚሆኑ አራት እንጨቶች አስጠረብኩ። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ደግ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አዴ ጫልቱ ሲያርሙ እንዳይረግጡብኝ ብዬ ጫፍ ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። አናጺው ቀለሙን ሲሰጠኝ ትንሽ ትክ ብሎ አየኝ። ቀለሙን ሰስቶ ነው ብዬ ጠረጠርኩት።

አራቱን እንጨቶች በማሳው አራት ማዕዘን ተከልኳቸው። ቁመት ለካሁ፣ ወርድ ለካሁ፣ በደብተሬ ጻፍኩ። ቀና ስል የወዲያኛው ማሳ ባለቤት ኦቦ ነገራ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበት ያዩኛል። ይሄ ሰውዬ የምሳ ዕቃዬን ሊሰርቅ ነው አልኩ በልቤ። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ደብተሬን ዘጋሁና ጃኬቴ ውስጥ ደበቅኩ። ከዚያም ሰላም ሳልላቸው ሄድኩ። በሰበታ ምድር፣ በማስተር ፕላን ሰሞን፣ ቀይ ጫፍ ያለው ችካል በሰው ማሳ አራት ማዕዘን ተክሎ፣ ሜትር ዘርግቶ፣ የጻፈውን ደብቆ የሚሄድ ልጅ ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ያላወቀ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ተንጫረረ። «ጠግቤያለሁ። መቶ በመቶ።» ወዲያው ደገመ። «ጠግቤያለሁ። መቶ በመቶ።» ሰማዩን በመስኮት አየሁ፤ ደመና የሚባል የለም። ባትሪውን ጠረጠርኩ። ብየዳውን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ራሴን ጠርጥሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማሳው ስደርስ ችካሎቹ የሉም። ወደ ታች ባይ ወንዙ ውስጥ ተጥለው ከድንጋይ ጋር ተጣብቀዋል፤ የምሳ ዕቃዋ በሽቦዋ ተንጠልጥላ ዳር ላይ ትወዛወዛለች። ምስኪን፣ ሴንሰሮቿ ወንዝ ውስጥ ተዘፍቀው ዝም ብላ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ለቅሶዬ መጣ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። አሥራ ምናምን ሰው ዱላ ይዞ ከበበኝ።

«ማን ነው የላከህ?» አሉኝ ኦቦ ነገራ።

«ማንም። ዩኒቨርሲቲው…»

«ዩኒቨርሲቲው መሬት ምን ያደርግለታል?»

«መሬት አይፈልግም፣ ኦቦ። ሽንኩርቱ ሲጠማው እንዲነግረኝ ነው።»

ኦቦ ነገራ ግራና ቀኝ አዩ። «ሽንኩርት ሲጠማው ቅጠሉ ይተኛል» አሉኝ። «ይሄን ለማወቅ ነው አራት ዓመት ያስቀመጡህ?»

አዴ ጫልቱ ጊዜያቸው መጣ። «እኔ ቀድሞም ጠርጥሬዋለሁ» አሉ። «የሚያጨሰውን አይቻለሁ።» የእኔ ኦሮምኛ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል፣ ለመከራከር አይበቃም፤ ሲነጋገሩ «ካርታ» እና «ፕላን» የሚሉ ቃላት ብቻ እየለየሁ ቆሜ ቀረሁ። ፈርቼ ነበር። ደግነቱ ኦቦ ደበላ ከለቅሶው ሲመለሱ ደረሱ። ነገሩን ሁሉ ሰሙ፣ ወንዝ ወርደው አንዷን ችካል አነሡ፣ ቀዩን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ፈተጉት።

«ትንሽ ነገር ያልከኝ ይሄንን ነው፣ ባራታ?»

«አዎ፣ ኦቦ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ችካል ማሳዬ ላይ አይቆምም» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩትና ራሩልኝ መሰለኝ፣ «ሌላ ነገር ላይ እሰረው» ብለው ገቡ።

ሌላ ነገር ምን ይሁን ብዬ ስባዝን አዴ ጫልቱ ከጓዳ አራት አሮጌ ማማሰያ አምጥተው እግሬ ሥር ጣሉልኝ። «ማማሰያ ተተክሎ መሬቱ የተወሰደበት ሰው አልሰማሁም» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገሩኝ ያን ቀን ነው። እንዲህ ሆኖ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው በማማሰያ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ሥራ ጀመረ፤ ከኦቦ ነገራ ጀምሮ መንደሩ ሁሉ በተራ እየመጣ ይጠብቀው ነበር፣ ወይም ይጠብቀኝ ነበር፣ አልለየሁትም።

መንደሩ ሲለቀኝ ቀበሌው ያዘኝ። በአራተኛው ቀን አንድ የጸጥታ ኃላፊ ነኝ ያለ ጎልማሳ መጣ። አንቴና ያለው ሳጥን ማሳ ውስጥ ተቀብሮ መልእክት ይለዋወጣል የሚል ጥቆማ ደርሶታል። ስልኬን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። «ጠምቶኛል። ጠምቶኛል። ጠግቤያለሁ። ጠምቶኛል።» ግንባሩ ተቋጠረ።

«ማን ነው የሚልክልህ?»

«ሽንኩርቱ።»

ማስታወሻው ላይ «ሽንኩርቱ» ብሎ ጻፈ። «የእውነት ስሙ ማን ነው?»

«ሽንኩርት ነው፣ ጌታዬ። የሚበላው።»

«ጠምቶኛል ማለት ምን ማለት ነው? ምን ይላክልኝ ማለቱ ነው?»

«ውሃ።»

ይህንንም ጻፈ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ቀበሌ እየሄድኩ አዳዲሶቹን መልእክቶች እንዳሳየው አዘዘኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ በተከታታይ «ጠምቶኛል» የሚል መጣ። ኃላፊው አየውና «ዛሬ አላጠጡትም እንዴ?» አለኝ። ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር።

ይኸው አሥሩ ቀን ሞላ። የቀረኝ ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱን አሳምሬ አዘጋጀሁት። «እኔ ደበላ በመሬቴ ላይ…» ብሎ ይጀምራል፤ መምህሬ ንድፍ ስላሉ ከላይ በኩል የማሳውን የሳተላይት ፎቶ አውጥቼ ድንበሩን በደማቅ መስመር አሰመርኩበት፤ ከታች ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተውኩ። በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩላቸው። ኦቦ ደበላ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ማሳ ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው።»

«ማን አነሣው?»

«ሳተላይት።»

«እኔን ጠይቆኛል?»

ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱት፣ ቀስ ብለው፣ ዙሪያውን ሁሉ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ «የታችኛው ማሳ ሲሄድ የመጣው ወረቀት ልክ እንደዚህ ነው። ሥዕል አለው፣ መስመር አለው፣ ከሥር የጣት ቦታ አለው። ያመጣውም ልጅ እንደ አንተ ትሑት ነበር። ጎንበስ ብሎ ነው የሰጠኝ።» ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ስላቸው ጎንበስ ልበል ቀና ልበል ግራ ገብቶኝ ግማሽ ላይ እቀር ጀመር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ብዬ ሊገባኝ ሲገባ፣ የእኔ ነገር፣ እሳቸውን ጠረጠርኩ። እጅ መንሻ ፈልገው ይሆናል አልኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ ገባሁ። አዴ ጫልቱ ስኳሩን አዩት፣ ባላቸውን አዩ። «ያም ስኳር ይዞ ነበር» አሉ። ስኳሩን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ዲፌንሱ፣ ሥራዬን መምህራን ፊት የምከላከልበት ቀን፣ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀረው። ክፍሌ ተቀምጬ ወረቀቱን አየሁት። የጣት ቦታው ባዶ ነው። ጣት ጣት ነው፣ ማን ያውቃል አልኩ። የማኅተም ቀለም ነበረኝ። በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ የራሴን አውራ ጣት ጫን አድርጌ ሞከርኩት። ለስላሳ፣ ብየዳ ያቃጠለው ጠባሳ ያለበት የተማሪ ጣት ሆኖ ወጣ። የኦቦ ደበላ ጣት ከአርባ ዓመት በላይ መሬት የቆፈረ ነው። እናቴ ትዝ አለችኝና ቁርጥራጩን ቀደድኩት። ሄጄ ለኦቦ ደበላ እውነቱን ነገርኳቸው። «ካልፈረሙልኝ አልመረቅም፤ ግን አልፈርድብዎትም» አልኳቸው።

በማግስቱ ካፖርታቸውን አራግፈው መጡ። «አልፈርምም» አሉ። «ግን እመጣለሁ። አፍ አለኝ አይደል? ለባርሲሳህ በአፌ እነግራቸዋለሁ።» ባርሲሳ መምህር ማለት ነው። በቃል የነገሩት ለመዝገብ እንደማይሆን እያወቅኩ እሺ አልኳቸው።

የዲፌንሱ ዕለት ሚኒባስ የለም። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። በእግራችን ጀመርነው፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ የምሳ ዕቃዬንና አራት ማማሰያዬን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ከኋላ። ፍተሻ ላይ አንድ ወታደር ከረጢቱን አስከፈተኝ። በዚያ ወቅት ሽቦና ባትሪ ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ኦቦ ደበላ ቀድመውኝ «የባለቤቴ ማማሰያ ነው» አሉ።

«ሽቦውስ?»

«እሱ የልጁ ነው።»

ወታደሩ ማማሰያውን አሸተተ። የዶሮ ወጥ ሽታ ሳይኖረው አልቀረም፣ ፊቱ ፈታ አለ። «የሚያማስል ኮምፒውተር ሠርታችሁ ነው?» አለና አሳለፈን። ኦቦ ደበላ አንድ ነገር አልዋሹም። እኔ ብሆን ኖሮ ከፍርሃቴ ብዛት ስንት ነገር በቀባጠርኩ።

አዳራሹ ውስጥ መምህሬና ሌሎች ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። አቅርቤ ጨረስኩ። መምህሬ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ካፖርቱ ላይ አሳረፉት። «እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«የማሳው ባለቤት ናቸው።»

«ወይስ አጎትህ?» አሉ። ከዚያ ለኦቦ ደበላ «አይቀየሙኝ አባቴ፣ ተማሪ ብዙ ዓይነት ነገር ያመጣል» አሏቸውና ጥግ ወዳለው የአበባ ማሰሮ አመለከቱ። «መሣሪያው ይለካው፣ እርስዎም ይንገሩኝ።»

ማማሰያዬን ሰካሁ። ኦቦ ደበላ ግን ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው ጨመቁት፣ ጣታቸውን እስከ አንጓው አስገቡ። «ትናንት ጠጥቷል» አሉ። «ሥሩ ጋ ግን አልደረሰም። የሚያጠጣው ሰው ይቸኩላል።» ስልኬ ጮኸ፤ ማማሰያው ላይ የታሰረው የላይኛው ሴንሰር «ጠግቤያለሁ»፣ የታችኛው «ጠምቶኛል» አለ። ሁለቱ መምህራን ተያዩ። መምህሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

«አምኛለሁ። እንግዲህ እዚች ላይ ይፈርሙልኝና ይለቅ።»

«አልፈርምም» አሉ ኦቦ ደበላ።

«እንደሱማ ከሆነ ውጤቱ አይገባም። ደንብ ነው፣ አባቴ።»

ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ። «ካልፈረምኩ ምን ትሆናለህ?»

«ዓመቱን እደግማለሁ።»

«አንብብልኝ።» አነበብኩላቸው። «ድገመው።» ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና ወረቀቱን ወደ መምህሬ ገፋ አደረጉት። «እንግዲያው ባርሲሳ ይቅደሙ። ይሄ ወረቀት መሬቴ ጋ አይደርስም ብለው ከሥሩ ይጻፉና ይፈርሙ። ከዚያ እኔ።»

መምህሬ እስክሪብቶ አወጡ። ከፈቱት። መልሰው ከደኑት። «እኔ ስለ መሬት ምን ሥልጣን አለኝ?» አሉ። ዝቅ ብለውም «በዚህ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ስሜ ቢገኝ…» ብለው ተዉት። ሁለቱ መምህራን ጣራውን ያያሉ። ፊርማ ከሌለ ውጤት የለም ያሉት ሰው ፊርማ ፈሩ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«አንተስ ባራታ?»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። አንድ መስመር ናት፣ ጽፌ ብፈርም ሁሉም ያልቃል። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሰፈራችን ሲነሣ እናቴን «ለጊዜው ነው፣ እማማ፣ ትመለሳላችሁ» ያላት ልጅ ፊት ትዝ አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የተነገረውን ነው የነገራት፣ እሷም አምናው ፈረመች። እኔስ ምን አውቃለሁ? ይሄ ወረቀት ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ፣ ያ ያሰመርኩት መስመር ለማን እንደሚመች በምን አውቃለሁ? ከአራት ዓመት በኋላ ያን ቀን ወረቀት መጠርጠር ተማርኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«አላውቅም፣ ኦቦ» አልኳቸው። «አይደርስም ብዬ መፈረም አልችልም። ይቅርብኝ፣ እደግማለሁ።»

«የታችኛውን ማሳ ወረቀት ያመጣው ልጅ» አሉ ኦቦ ደበላ፣ «ለጠየቅኩት ሁሉ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚፈርምልኝ።» ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩን ሳቡ። «ቀለሙን አምጣ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው አሳረፉት። እኔ እንባዬን ለመደበቅ ሽቦ የምጠቀልል መሰልኩ።

ውጤቴ ገባ፣ አለፍኩ። ኦቦ ደበላ ግን እንቅልፍ አጡ። ሲያገኙኝ «ያቺ ወረቀት የት ናት?» ይሉኛል። «ትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ።» «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አላውቅም። ጠዋት ይጠይቁኛል፣ ከሥራ ሲመለሱ ይጠይቁኛል። ሳምንት ሳይሞላ እኔንም እንቅልፍ ነሣኝ። ሄጄ መምህሬን ወረቀቱን እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። «ደንብ አይፈቅድም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አይተው ከፋይሉ ነቅለው በእጄ አደረጉልኝ። «ከእኔ አልወሰድክም» አሉኝ።

እየሮጥኩ ሰበታ ገባሁ። ኦቦ ደበላ ማሳው ዳር ነበሩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አሻራውን ከአውራ ጣታቸው ጋር አስተያዩት። የራሳቸው ነው። አራት አጥፈው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። «ጋሪ» አሉ፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙ።

«ባራታ፣ ኮፒ አላደረጉትም?»

አንዴ የተገለበጠ ነገር ስንት ቦታ እንዳለ ማንም አያውቅም ብሎ በሚያስተምር ትምህርት ተመርቄያለሁ። ይህን አልጠየቅኩም ነበር።

«አላውቅም፣ ኦቦ» አልኳቸው። ቤቴም ሳልገባ ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።